በሶ እያለን ፓኬት መግዛት ለምን?

ባለፈው መስከረም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለሦስት ቀን ሃይኪንግ ወደ ሸናንዶዋ ሄድን። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። አራት ነን፣ አራታችንም የሶፍትዌር ሰዎች። እንደ ሙያችን ዕቅዱን በኤክሴል ሠራን፦ ድንኳኑ ስንት ግራም፣ የመኝታ ከረጢቱ ስንት ግራም። ምግቡን ግን ብዙም ሳናስብበት ከካምፒንግ ዕቃ መሸጫ ገዛን። በፓኬት የታሸገ ደረቅ ምግብ ነው፤ የፈላ ውሃ ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው። አንዱ ፓኬት ከ10 እስከ 15 ዶላር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምድጃው አልነሳም አለ። ማታ በደንብ ሳልዘጋው ቀርቼ ጋዙ ሲወጣ አድሮ አልቋል። እዚያ ጫካ ውስጥ እንጨት ሰብስቦ እሳት ማንደድ ደግሞ ክልክል ነው። የፈላ ውሃ ከሌለ ያ ሁሉ ውድ ፓኬት ምንም አይሠራም።

እኔ ቦርሳዬ ሥር እናቴ በሰው የላከችልኝ አንድ ከረጢት በሶ ነበረኝ። «ለማንኛውም» ብዬ ነው የያዝኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ፈረንጆቹ ፊት ላወጣው አልፈለግኩም ነበር። ቡናማ ዱቄት በውሃ ስበጠብጥ ምን ይሉኛል ብዬ። የዚያን ቀን ግን ምርጫ አልነበረም። በተጣራ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በማርና በትንሽ ጨው በጠበጥኩት። አራታችንም ጠጣን፤ እስከ ምሳ ድረስ ዳገት ወጣንበት።

ታዲያ አንደኛው ባልደረባዬ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገብስ ነው» አልኩትና ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁትን ምግብ፣ ፊደል ስንቆጥር ከአበበ ጋር የተዋወቅነውን በሶ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ አላውቅም ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። ውጭ የምንኖር ብዙዎቻችን ሃይኪንግ ለምደናል፤ ጥሩ ነው። ምግቡ ላይ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነናል። ቀላል፣ የማይበላሽና የሚጣፍጥ የመንገድ ምግብ ስንፈልግ ሱቅ ለሱቅ እንዞራለን። አያቶቻችን ግን መልሱን «ስንቅ» ብለው ከሰየሙት ቆይተዋል። በእግርና በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው የታሰበ ምግብ ስለሆነ፣ ከድንኳን ተሸካሚው ሰው ፍላጎት ጋር አንድ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ተራራ የሚወጣ ሰው ለአንድ ቀን ከ700 እስከ 900 ግራም የሚመዝን ምግብ ይይዛል፤ ጥሩ የመንገድ ምግብ የሚባለው ደግሞ በአማካይ በአንድ ግራም 4 ካሎሪ አካባቢ የሚሰጥ ነው። የቆርቆሮ ምግብና ፍራፍሬ ይህን አያሟሉም፤ አብዛኛው ክብደታቸው ውሃ ነው። ቅባት በግራም 9 ካሎሪ ስላለው፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ብዙ ሸክም ያቀላል። ጭኮን የፈጠሩ እናቶች በሶውን በቅቤ ያሹት ይህን በልምድ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ቲቤቶችም የተቆላ ገብስ ዱቄታቸውን፣ ጻምፓን፣ ቅቤ ካለበት ሻይ ጋር ያሹታል። ደጋና ገብስ ያለበት ሰው ተመሳሳይ መልስ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን እኔ ለአንድ ቀን የምይዘው ይህን ነው። ጠዋት 100 ግራም በሶ በ20 ግራም ማርና በ20 ግራም ንጥር ቅቤ። ቀን እየሄድኩ የምቆረጥመው 250 ግራም ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ዳቦ ቆሎ፤ ከዚያ ላይ 50 ግራም ቋንጣ። ማታ 60 ግራም ሽሮ በ30 ግራም ዘይት፣ በውስጡ 100 ግራም ድርቆሽ። ድምሩ 630 ግራም፣ ካሎሪው ከ2,500 በላይ። እሳት የሚያስፈልገው እራቱ ብቻ ነው። ሽሮው አስቀድሞ ተቆልቶና ቀምሞ የተፈጨ ስለሆነ እንደ ምስር ጋዝ አይጨርስም። ቅቤውንና ቋንጣውን ካወጣችሁና በምትኩ ዘይትና ኦቾሎኒ ከጨመራችሁ ደግሞ የጾም ነው። ተማሪ ለሆናችሁም ዋጋው ከፓኬቱ ጋር አይወዳደርም።

የአገር ቤት ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነገር ምቹ ነው እያልኩ አይደለም። ድርቆሽ ክብደቱ ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛል፤ ደቆ ካልገባ ቦርሳውን ይሞላዋል። በርበሬ የበዛበት ቋንጣ ውሃ ያስጠማል፤ ምንጭ በራቀበት መንገድ ቀነስ አድርጉት። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላላችሁ ቅቤ በሙቀት ይቀልጣልና በሶውን ደረቁን ያዙት። ቋንጣ ከአገር ቤት በሻንጣ ማምጣት ደግሞ አሜሪካም አውሮፓ ኅብረትም ክልክል ነው፤ እዚሁ ሥሩት። ሥጋው ከመድረቁ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይሙቅ። ድብ ባለበት አገር ደግሞ ማንኛውም ምግብ፣ በሶም ቢሆን፣ ድንኳን ውስጥ አያድርም።

«የድሃ ምግብ ነው፣ ሰው ፊት አይወጣም» የሚለውን ስሜት ግን አልቀበለውም። እኔም ነበረብኝ፤ ያሸነፈልኝ ረሃብ ነው። ሌላው ሰው ረሃብ እስኪያስተምረው ባይጠብቅ ደስ ይለኛል።

ከጉዞው እንደተመለስኩ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ በሶ እንዴት ነው የምትሠሪው?»

«አንተ ልጅ፣ አለቀብህ እንዴ? እልክልሃለሁ እኮ።»

«አይ፣ ራሴ ልሠራው ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ፦ ገብሱ ረጠብ ተደርጎ ይሸከሸካል፣ ገለባው ይበጠራል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ስንት ደቂቃ ይታመሳል ብላት «እስኪሸት ነዋ!» አለችኝ። የመጀመሪያው አረረብኝ፣ መረረ። ሁለተኛው ደህና ሆነ። ሽታውን አሁን አውቀዋለሁ።

ብዙዎቻችን በሰው የሚላክልንን እየበላን ነው የምንኖረው። የሚልኩልን እናቶች ግን እያረጁ ነው፤ «እስኪሸት» የሚለው መለኪያም የትም አልተጻፈም። ለሚቀጥለው ጉዞ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና ጠይቁ። ከዚያ ራሳችሁ ሞክሩት።

መልካም መንገድ።