ነዳጅ ይውጣ ብላችሁ ለምትጨፍሩ

«ሶማሌላንድ ነዳጅ ካገኘች የሐርጌሳ ገበያ ይሞቃል፣ እኛም እንጠቀማለን» የምትሉ የንግድ ጓደኞቼ፣ እኔ አልስማማም።

ጄኔል የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፈቃድ ይዟል። ከአንዱ ይዞታው 49 በመቶውን የታይዋን መንግሥት ነዳጅ ድርጅት ቅርንጫፍ ወስዷል። አንድ በርሜል ሳይሸጥ ትርፉን የምንከፋፈለው ግን እኛ ነን!

ይህች አገር ዛሬ የምትኖረው በምንድን ነው? በፍየል፣ በበግ፣ በግመልና በበርበራ ወደብ። የመንግሥቱ ትልቁ ገቢ ጉምሩክ ነው። ስለዚህ ባለሥልጣኑ ወደደም ጠላም ነጋዴ ያስፈልገዋል፤ መንገድ ሲዘጋ የእሱም ካዝና ይጎድላል። አንዲት ፍየል ከቶጎ ጫሌ በርበራ እስክትደርስ ደላላው፣ የአይሱዙው ሹፌር፣ ሣር ሻጯ፣ ሻይ የምታፈላዋ ሁሉ ከእሷ ይበላሉ። የነዳጅ ገንዘብ ግን ከኩባንያው በቀጥታ መንግሥት ካዝና ይገባል። ያን ጊዜ ኬላ ላይ ቆመን የምንጮኸውን ማን ይሰማል?

«ፍየሏስ በሳዑዲ እጅ አይደለችም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ በከብት በሽታ ምክንያት የዘጋችው በር እስከ 2009 አልተከፈተም፤ ብዙ ቤት ተጎድቷል። ቢሆንም በሩ ሲከፈት የሚሸጥ መንጋ ነበረ።

ጁባ የሠራችሁ ደግሞ ሌላውን ታውቃላችሁ። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ስትወጣ የመንግሥቷ ገቢ 98 በመቶ ያህሉ ነዳጅ ነበር። በጃንዋሪ 2012 ከካርቱም ጋር በቧንቧው ክፍያ ተጣልታ ምርቱን ስታቆም ሌላ የምትይዘው አልነበራትም። በዲሴምበር 2015 የፓውንዱ የባንክ ምንዛሪ ለአንድ ዶላር ከ3 ገደማ ወደ 18 ተኩል ዘለለ። ጦርነቱም አለበት፣ አልክድም፤ የጥቁር ገበያውም ቀድሞ ሮጦ ነበር። በፓውንድ ዱቤ የሸጠ ነጋዴ ግን ምን ተረፈው?

ሶማሌላንዶች ገቢው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚቆጣጠረው ጉድጓዱ ሳይቆፈር በሕግ ያስሩት። እኛ እዚያ የምርጫ ካርድ የለንም፤ ያለን የዱቤ ደብተር ነው። «ነዳጁ ሲወጣ እከፍላለሁ» ለሚል ደንበኛ የእኔ ደብተር ዝግ ነው።