ከአልጋ ሥር የወጡት ፎቶግራፎች

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ልጆች አመጋገብም ሆነ ስለ ቤት ወጪ አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን አናት ላይ ተወሽቆ ስለሚገኘው፣ ፎቶግራፍ ስለታጨቀበት የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

በሰፈራችን «ሲስተር» እያልን የምንጠራቸው ጡረተኛ ነርስ አሉ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። በሥራ ዘመናቸው፣ በተለይም የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ የክትባት ሣጥን አስጭነው ያልረገጡት ክፍለ ሀገር የለም ማለት ይቻላል። ወንድማቸው በሶቭየት ኅብረት ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ያመጣላቸው አንድ ዜኒት ካሜራ ነበረቻቸው። ፎቶ ማንሳትን ማንም አላስተማራቸውም። ደመወዝ ሲደርስ አንድ ፊልም ይገዛሉ፤ አንዱ ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ እርሷን ቆጥበው ለአንድ ሙሉ ጉዞ ያብቃቃሉ። ፊልም ሙቀት አይወድምና አንድ ጊዜ ቆላ ሲወርዱ ከክትባቱ በረዶ አጠገብ ሸጉጠውት አለቃቸው ደርሰውባቸው ክፉኛ ተቆጥተዋቸዋል። ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ይስቃሉ።

የሚያነሱት ተራራ፣ ሐይቅ፣ ወፍና መንገድ ነው። ለምን ሰው አያነሱም ሲባሉ «ሰውማ ፎቶ ቤት ሄዶ ይነሳል፤ ተራራውን ማን ያነሳዋል?» ይላሉ።

ባለፈው ወር ልጃቸው ቤቱን ቀለም ልታስቀባ ዕቃ ስታወጣ ላግዛት ሄጄ ነበር። ሦስት ቆርቆሮና አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፎቶግራፍ ወጣ። ልጅቱ የቢሮ ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ጊዜ የላትም። ፎቶዎቹን በሁለት ትከምራቸው ጀመር። ሰው ያለበት ወደ ቀኝ፣ ሰው የሌለበት ወደ ግራ። የግራው የሚጣል ነው። እውነቱን ልንገራችሁና እኔም መጀመሪያ ላይ አብሬ እከምር ነበር።

ከግራው ክምር አንዱን አንሥቼ ለሲስተር አቀበልኳቸው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰፊ ውሃ፣ ከዳሩ ድንጋይ ላይ የተሰጣ ልብስ። ሲስተር የዓይን ሞራ ስላለባቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው ጥቂት ከቆዩ በኋላ «ሐረማያ» አሉ። «ያኔ ዓለማያ ነበር የምንለው።»

እንደምታውቁት ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ለአካባቢው አትክልትና ጫት ደግሞ የመስኖ ውሃ ሲሳብበት ኖሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ሜዳ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃው እንደገና መታየት መጀመሩ ደስ ያሰኛል። ይሁንና ሐይቁ ቀድሞ እስከየት ይደርስ እንደነበር ለዛሬ ልጅ ለማሳየት እንዲህ ያለ ፎቶ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ልንጥለው ነበር። ቀጥሎ የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ወጣ፤ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ የሚወርድ። ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አብዛኛው ውሃ ለብዙ ዓመታት ወደዚያ ይዞር ስለነበር፣ በበጋ ሄደው ያዩት ልጆቻችን የሚያውቁት ቀጭኑን ነው። መተሐራ አጠገብ የተነሳው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሌሎቹ ሲሸሹ እርሱ እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ ኖሯል፤ በሲስተር ፎቶ ግን ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ገና ሰፊ ነው፣ ውሃው ራቅ ብሎ ይታያል።

ችግሩ የመጣው አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ፎቶ ላይ ነው። ጉም የለበሰ ተራራ፣ ከፊቱ ጅብራ ቆሟል። «ሰሜን ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው «አይደለም፣ ባሌ ነው» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ጅብራ በሁለቱም ተራሮች ይበቅላል። ከፎቶው ጀርባ አንድም ፊደል የለም። ሁለቱም በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ፓርኮች ናቸው፤ ሰሜን በ1970 ዓ.ም.፣ ባሌ በ2016 ዓ.ም.፤ ስሙ የጠፋበት ፎቶ ግን የአንዱም ሊሆን አልቻለም። ሲስተር ሲጨነቁ ባየሁ ጊዜ ጠይቄ ባልነበር አልኩ።

ያዳነን ነጋቲቩ ነው። ፎቶ ቤት ፊልሙን ሲያጥብ ስድስት ስድስት እያደረገ ቆርጦ በወረቀት ኪስ ይሰጥ የነበረውን ታስታውሱታላችሁ፤ ብዙዎቻችን «ይሄ ጥቁር ነገር ምን ያደርጋል?» ብለን ጥለነዋል። ሲስተር አልጣሉም። ጅብራውን ፈልገን በመስኮቱ ብርሃን ስናየው፣ በዚያው ቁራጭ ላይ ከጎኑ የደጋ አጋዘን ቆሟል። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች እንጂ በሰሜን ተራሮች የለም። እንግዲህ ባሌ ነው። በነጋቲቩ ጠርዝ ያለው ቁጥር የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ስለሚናገር ነጋቲቭ ካላችሁ አትጣሉ፣ አታቆራርጡም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቱ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። በኋላ ግን «እኔ በአክስቴ እጅ ሳድግ አንቺ ይሄን ነበር የምታነሺው» አለቻቸው። ድምጿ ከፍ አላለም። ሲስተር ቀና ሳይሉ «ስመለስ 'እማዬ የት ነበርሽ?' ትይኝ ነበር» አሉ። «ላሳይሽ ብዬ ነዋ። አንዳንዱን ሳሳይሽ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር።» ልጅቱ ተነሥታ ቡና ልታፈላ ገባች። ስትመለስ የግራውን ክምር አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ ስለ ቀለሙ ማውራት ጀመርኩ።

ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ ያነሳውን ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ። የቦታውን ስምና ዓመቱን ከፎቶው ጀርባ፣ ከጠርዙ አካባቢ፣ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ገጹን ይወጋል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይጋባል። እርሳሱ በማይዘው የፕላስቲክ ወረቀት ላይ የታተመ ከሆነ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ፖስታው ላይ ጻፉ። የሚያወሩትንም በስልካችሁ ቅዱ።

ስለ አቀማመጡ የሲስተር ቤት ብዙ አስተምሮኛል። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ቆርቆሮ እርጥበት ገብቶበት ፎቶዎቹ ሻግተዋል፤ የተጣበቁም አሉ። የተጣበቀ ፎቶ በደረቁ ከተላቀቀ ገጹ ይገሸለጣልና ለባለሙያ አሳዩ። የፎቶ ገጽ ጄላቲን ስላለበት በረሮ ሳይቀር ይበላዋል። ያኔ እንደ ዘመናዊ ነገር የምንገዛው፣ ገጹ ማጣበቂያ የተቀባ ባለ ላስቲክ አልበም ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ማጣበቂያው ፎቶውን አበላሽቶ አለቅም ይላል። በወረቀት ፖስታ፣ በካርቶን፣ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ማኖር ይበጃል። ባለ ቀለሞቹ ከጥቁርና ነጮቹ ቀድመው ይደበዝዛሉ፤ የ1970ዎቹ ፎቶዎቻችን ቀይ ቀይ የሚሉት ለዚሁ ነው። ግድግዳ ላይ መስቀል ካማራችሁ ቅጂውን ስቀሉ።

ቅጂ ለማድረግ ስልክ ይበቃል። ፎቶውን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ዘርግታችሁ ያለ ፍላሽ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሡ። ቅጂውን ግን በስልኩ ብቻ አትተዉ፤ ስልክ በታክሲ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተሰረቀብን እናውቃለንና ሁለተኛውን ሌላ ቤት አስቀምጡ።

አሁን እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ እንቀመጣለን። ሲስተር ይናገራሉ፣ ልጅቱ ትጽፋለች፣ ትልቁ የልጅ ልጅ በስልኩ ያነሳል። ሁለተኛውን ቆርቆሮ ጀምረናል። አንዱ ብቻ እስካሁን እምቢ ብሏል። ዋርካ፣ ከሥሩ የቆመ ላንድሮቨር፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ የጠጠር መንገድ። ነጋቲቩም የለም። ልጅቱ ከጀርባው «እማዬ ያነሳችው» ብላ ጽፋበታለች።