የአሠሪውን ስህተት ጡረተኛው ለምን ያርማል?

በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ድርጅቱ ይህን ከደመወዝ ግብር ጋር በየወሩ ለገቢዎች ያሳውቃል። ሠራተኛው ግን ቅጹን ብዙ ጊዜ አያየውም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ላይ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ወይም ደመወዙ አንሶ ቢመዘገብ፣ የሚሰማው 60 ዓመት ሞልቶት ፋይሉ ሲከፈት ነው።

ቀላል ነገር አይደለም። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ሲሆን፣ 10 ዓመት አገልግሎት ያልሞላው ሰው በየወሩ የሚከፈል የአገልግሎት ጡረታ የለውም። ሁለት ወር መዝገብ ላይ ባለመገኘቱ የዕድሜ ልክ ገቢ ሊቀር ይችላል።

ሰቆጣ ላይ ደግሞ ይብሳል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። የእነዚያ ወራት መዝገብ ክፍተት ቢኖርበት ማንን ያስገርማል? ቆርጦ ያስቀረው፣ ቅጹን የሞላው፣ ማኅተሙን የያዘው አሠሪው ሆኖ ሳለ «ማስረጃ አምጣ» ሊባል የሚገባው ሠራተኛው አይደለም።

እርማቱን አሠሪው ያቅርብ፤ ድርጅቱ ከፈረሰ ገቢዎች የራሱን ማኅደር ይፈትሽ። ለሠራተኛውም የገባለት ገንዘብ በየዓመቱ በአጭር መልእክት ይነገረው። ባንክ እኮ 50 ብር ሲወጣ እንኳ መልእክት ይልካል። እስከዚያው የዋግ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀቱን አይጣል።