ጭን የመኪና ወንበር አይደለም!

ሮቤ መናኸሪያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ጎባ! ጎባ! የሞላ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። ገብታችሁ ስታዩ ውስጥ ያለው አራት ሰው ነው። አንዲት እናት አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ትመጣለች። የትልቁ ሂሳብ ስንት እንደሆነ ስትጠይቅ ረዳቱ ለመልሱ አይጨነቅም። "እናቴ፣ እቀፊው፣ አይከፍልም!" ይላታል። እሷም ደስ ይላታል፤ እኛም ጠጋ ጠጋ እንላለን። የአገራችን ሕፃናት የጉዞ ደህንነት ጉዳይ በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ!

ሴትየዋ ላይ እንዳትፈርዱ። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩ ነኝ ባዩ፣ ልጄን ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በእናቷ ጭን ላይ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ይባስ ብሎ ጋቢና ሲገኝ "ውጪውን ትይ" ብዬ በጉልበቶቼ መካከል አቆማት ነበር። ከእናት ጭን የበለጠ አስተማማኝ ቦታ ከየት ይመጣል? እንዲህ ነበር የሚመስለኝ።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። (የሮቤና የጎባ ሹፌር በዚያ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ በ50 ይነዳል ብሎ የሚምል ካለ ይማል።) በዚህ ፍጥነት ከቆመ ነገር ጋር መጋጨት ማለት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ፣ ማለትም ከሦስት ፎቅ ጣሪያ ላይ ወድቆ መሬት እንደመምታት ነው። ጭን ላይ ያለችው ሕፃን 10 ኪሎ ብትመዝን፣ መኪናው በሰከንድ አንድ አስረኛ ውስጥ ሲቆም እናቲቱ ልጇን ይዛ ለማስቀረት 140 ኪሎ የሚያህል ኃይል መቋቋም አለባት። አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ስንዴ ማለት ነው! በዚያች ቅጽበት አንድ ኩንታል ተኩል በክንዱ የሚያስቀር ማነው? ያውም እናቲቱ ራሷ ቀበቶ አላሰረችም። የእሷ አካል ከኋላ፣ የፊተኛው ወንበር ብረት ከፊት፣ ልጅቷ መሀል። እቅፍ ያልነው ነገር ወፍጮ ሆነ ማለት ነው። ፍጥነቱ ወደ 100 ሲያድግ ደግሞ የግጭቱ ጉልበት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው።

ይህን ሁሉ እኔ ከመጽሐፍ ፈልጌ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። የነቃሁት በሻንጣ በመጣ ዕቃ ምክንያት ነው። ሚኒያፖሊስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ስትመጣ ሁለት የልጅ መቀመጫ ይዛ መጣች። አንዱ ለእኔ ልጅ፣ ሌላው ለባለቤቴ ወንድም ልጅ። ፈረንጆቹ "ቡስተር" የሚሉት ነው። አንደኛው ጀርባና የጭንቅላት መደገፊያ ያለው ሙሉ ወንበር ሲሆን ሌላው ጀርባ የሌለው፣ ዱካ የመሰለ ነገር ነው። እኛ ሰዎች ስጦታ ስናይ አናፍር። "ሽቶ አጥታ ነው ወይ ወንበር ተሸክማ የመጣችው?" ተባብለናል። እሷ ግን "እኛ አገር ያለዚህ ልጅ ይዞ መንዳት በሕግ ያስጠይቃል" ብላ ተቆጣችን። "እኛ አገር" ማለቷን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመኪና ቀበቶ የተሠራው ለትልቅ ሰው ቁመት ነው። ኒልስ ቦሊን የሚባለው የቮልቮ መሐንዲስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 በትከሻና በዳሌ የሚያልፈውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ሲያበረክት ሐሳቡ የትልቅ ሰው ትከሻና ዳሌ ነበር። ትንሽ ልጅ ላይ ስታስሩት የላይኛው አንገቷን ያንቃል፣ የታችኛው ሆዷ ላይ ይወጣል። ግጭት ሲመጣ ቀበቶው አጥንት ማግኘት ሲገባው አንጀትና ጉበት ያገኛል። ቡስተሩ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ልጅቷን ከፍ አድርጎ የታችኛው ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛው በትከሻ መሀል እንዲያልፍ ያደርጋል፤ በቃ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ቡስተር መጠቀም ቀበቶ ብቻ ከማሰር ጋር ሲነጻጸር ከባድ ጉዳትን በ45 በመቶ ይቀንሳል ይላል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ቡስተር ራሱ ምንም አይዝም። የሚይዘው ቀበቶው ነው። ቀበቶ በሌለበት መኪና ቡስተር ማለት ትራስ ነው! እኛም ይህን ያወቅነው የባለቤቴ ወንድም አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ወንበሮቹን ልንገጥም ስንሞክር ነው። የኋላው ወንበር ላይ ያ አበባ አበባ ያለበት ልብስ ለብሷል፤ መቆለፊያዎቹ ሁሉ ከሥሩ ተቀብረዋል። ልብሱን ገፈን ስናይ በስተቀኝ ያለው ቀበቶ ደህና ነው። መሀለኛው በወገብ ብቻ የሚታሰር ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ለቡስተር አይሆንም፣ ትከሻ አይይዝምና። በስተግራ ያለውስ? ተቆርጧል! ማን ቆረጠው? ባለቤቱ ትንሽ አፈር እያለ እንደነገረን፣ አንድ ጊዜ ከሲናና ገብስ ሲጭኑ ለጆንያ ማሰሪያ አስፈልጎ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ወንበር፣ አንድ ቀበቶ።

አሮጌ መኪና ለምን ትነዳላችሁ የሚለን ካለ መልሱን ከመንግሥት ይጠይቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ላይ የከመረው ታክስ ይታወቃል። የደሞዝተኛ ሰው ምርጫ ያችኑ አሮጌ ኮሮላ ጠጋግኖ መንዳት ሆነ። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ ኤሌክትሪኩን ግዙ ተባልን። እሺ፣ እንግዛ! በምን? ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ መንገድ ላይ ባትሪው ቢያልቅ ማን ይገፋል?

ወደ ምርጫው ልመለስ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ዓመቱ ነው?" ሳይሆን "ስንት ኪሎ ነው? ቁመቱስ?" መሆን አለበት። የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ የመጣ ጎረቤቴን መልሼዋለሁ። ለዚያ ዕድሜ ቡስተር አይሆንም፤ የራሱ ማሰሪያ በሁለት ትከሻው፣ በዳሌውና በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ወንበር ያስፈልገዋል። ጨቅላ ከሆነ ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበት ዓይነት። ያንን ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር ኤርባግ ባለበት ጋቢና ማስቀመጥ ልጁን መግደል ነው። ቡስተር የሚመጣው ልጁ ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሲደርስ፣ ዕድሜው ቢያንስ አራት ሲሞላ ነው። የሚበቃው ደግሞ ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። የአሥር ዓመት ልጅ "ትልቅ ሆኛለሁ" ቢል አትስሙት፤ ጀርባውን አስደግፎ ሲቀመጥ ጉልበቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ካልታጠፈ ገና ነው።

ጀርባ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው? እኔ ያለ ማወላወል ጀርባ ያለውን እላለሁ። አውሮፓ ውስጥ እንኳ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠሩ አዳዲስ ጀርባ አልባ ቡስተሮች የሚፈቀዱት ቁመቱ ከ125 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ22 ኪሎ ለሚበልጥ ልጅ ነው። የእኔዋ 112 ናት። ደግሞስ የእኛ መንገድ የአሥር ደቂቃ ጉዞ ነው እንዴ? ከሮቤ ተነስቶ ዲንሾን፣ አዳባን፣ ዶዶላን አልፎ ሻሸመኔ እስኪደረስ ልጅ መተኛቷ አይቀርም። ስትተኛ ጀርባ በሌለው ላይ ወደ ጎን ትጋደማለች፤ ቀበቶው ከትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ሥር ይገባል። ያኔ አለ ብላችሁ የምትተማመኑበት ነገር የለም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሥሩን ገልብጦ ይይ። የተሠራበት ቀን ፕላስቲኩ ላይ ታትሟል፤ አብዛኞቹ አምራቾች ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው ዕድሜ የሚሰጡት። አንዴ ግጭት ያየ ወንበር፣ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ የተጣለ ነው። ሻጩ ይህን እንደማይነግራችሁ ግልጽ ነው።

የባሌ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሌላ ጉድ አለ፤ እሱም ብርዳችን ነው። ልጁን በወፍራም ጃኬት ጠቅልለን፣ ከላይ ጋቢ ደርበን ቀበቶ ብናስር፣ አሰርን እንጂ አላሰርንም። ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይጨመቃል፣ ቀበቶው ይላላል፣ ልጁ ይሾልካል። መጀመሪያ ጃኬቱን አውልቁ፣ ቀበቶውን ጥብቅ አድርጉ፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ አልብሱ። ለፈረሰኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። ማሰሪያው የላላ ኮርቻ ላይ የሚወጣ የባሌ ሰው አይቼ አላውቅም!

"የራሱ መኪና ያለው ሰው ወግ ነው" የሚለኝ አንባቢ እውነቱን ነው። ሚኒባስ የሚሳፈረውስ? እዚህ ላይ ነው ባለሥልጣኖቻችንን መጠየቅ ያለብን። ቀበቶ የማሰር ግዴታ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ውስጥ ተጽፏል። ወረቀቱን እንተወውና መንገዱን እንይ። ትራፊኩ የሚያየው የሹፌሩን ደረት ነው። ሹፌሩም ትራፊክ ከሩቅ ሲያይ ይጎትታታል፣ ሲያልፍ ይለቃታል። ከኋላ ያለነው አሥራ ምናምን ነፍስ ቀበቶ የለንም፣ የሚጠይቅልንም የለም። በየዓመቱ ቦሎ ሲለጠፍ መብራት ይበራል፣ ፍሬን ይረገጣል። የኋላውን ወንበር ቀበቶ ጎትቶ የሚያይ መርማሪ ያጋጠመው ሰው ካለ እጁን ያውጣ! የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ በዓለም ላይ ቀዳሚው ገዳይ የመንገድ አደጋ ነው ሲል፣ እኛ ዘንድ ስለ ልጅ የሚወራው "ይከፍላል፣ አይከፍልም" ነው።

እኔ በበኩሌ ሚኒባስ ስሳፈር ለልጄ ሙሉ ሂሳብ እከፍላለሁ፤ ጋቢና አላስገባትም፤ በሩ አጠገብ ካለው ታጣፊ ወንበር አርቄ ከኋላ አስቀምጣታለሁ። ይህ ከግጭት አያድናትም፤ ቢያንስ ግን በእኔና በፊተኛው ወንበር ብረት መካከል አትጨፈለቅም። ባለፈው አንድ አዛውንት "ምነው ልጄ፣ ሰው ቆሞ ሳለ ለሕፃን ወንበር?" ብለው ገሠጹኝ። ምን ልመልስላቸው? "አባቴ፣ ከፍዬላታለሁ" አልኩ። ሌላውን ለማስረዳት ጎባ ቀረበችብን።

የኮሮላዋን ነገር ልጨርስላችሁ። የተቆረጠውን ቀበቶ ለማስቀየር ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ደግ ሰው ነው፤ "ችግር የለም፣ ነገ ኑ" አለን። በነጋታው ከነመቆለፊያው አምጥቶ አስረከበን፤ ንጹሕ ነው፣ አልተበጣጠሰም። የባለቤቴ ወንድም ሊከፍል ኪሱ ሲገባ "ከምን መኪና ላይ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ከአንድ ከተገለበጠ" አለ።

አንዴ ሰው ይዞ የተወጠረ ቀበቶ ክሩ ተስቧል፤ ሁለተኛ አይታመንም። አመስግነን መለስንለት። መካኒኩ ቅር አለው፤ እኛን እንደ ቀበጥ ሳይቆጥረን አልቀረም። አዲስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው፤ እስከዚያው ሁለቱ ልጆች አያታቸውን ለማየት ጎባ የሚሄዱት በየተራ ነው። ባለፈው እሑድ ተራው የልጁ ነበር፣ የእኔዋ አልቅሳ ቀርታለች።