የትብብር ውሳኔና በሥራ አስፈጻሚ ውስጥ የሚነሣ የሐሳብ ልዩነት

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው አገር፣ ወንፈልን የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። አንዱ ለባልንጀራው ያረሰለት ቀን ይቆጠራል፤ ባልንጀራውም በተራው ጥማዱን ይዞ ይመጣል። «ከጎንህ ነኝ» ብሎ ከቤቱ የዋለ ሰው ወንፈል ገባ አይባልም።

የሠራተኛ ማኅበራት የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴዎች ለሌሎች ሠራተኞች የሚያሳልፉት የትብብር ውሳኔም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል። ኮሚቴው በአንድ ምሽት እጁን አውጥቶ ይወስናል፤ ደመወዙ የሚቆረጥበት፣ መዋጮ የሚያወጣው፣ ከሥራ የመባረር አደጋ የሚጋረጥበት ግን በስብሰባው ያልነበረው አባል ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በኮሚቴው ውስጥ «አይሆንም» ያለው ወገን ሐሳብ ወደ አባላቱ ደርሷል ወይስ በቃለ ጉባኤው ሽፋን ሥር ተቀብሯል?

የአገራችን የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ አለው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ኮንፌዴሬሽን ከየካቲት 28 ቀን እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ አስቀድሞ፣ የካቲት 11 ቀን፣ መምህራን የትምህርት ዘርፍ ጥናትን ተቃውመው ሥራ አቁመዋል። የሠራተኛው እርምጃ የያዘው ጥሪው ሠራተኛው በየቀኑ ከሚኖረው ችግር፣ ከደመወዝና ከመደራጀት መብት ጋር ስለ ተያያዘ ነው።

ስድስት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ ግን ነገሩ ተለወጠ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑ የወታደሩን አገዛዝ ተቃውሞ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ወሰነ። ፕሬዚዳንቱ በየነ ሰሎሞንና ዋና ጸሐፊው ፍሥሐ ጽዮን ተኬ ታሰሩ፤ የተጠራው የሥራ ማቆምም ሳይሠምር ቀረ። ጥያቄው ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ በእኛ አስተያየት ከየካቲቱ ጥያቄ ይልቅ ከባድ ነበርና ከየካቲቱ የበለጠ ምክክር ይሻ ነበር። በአመራሩና እርሱን በሚነቅፉ የመሠረታዊ ማኅበራት ሰዎች መካከል ደግሞ ቅራኔ ነበር። ልዩነቱ ሳይፈታ የሚወጣ የአቋም መግለጫ የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ ሰው ያጣል።

ልዩነትን ማኅበሩ ራሱ ካልፈታው ሌላ ይፈታለታል። በግንቦት 1967 ዓ.ም. ደርግ የኮንፌዴሬሽኑን ጽሕፈት ቤት ዘጋ፤ አዲስ ምርጫም ተደረገ። የተመረጡት እነ ማርቆስ ሐጎስ ግን ከቀድሞዎቹ የባሱ ተቃዋሚዎች ሆነው ተገኙ! በመስከረም 1968 ዓ.ም. መግለጫቸውን ሲያሰራጩ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ፤ በአዲስ አበባም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 64 አሮጌው ድርጅት ቀረ፤ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ቆመ። «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» በተባለው አሠራር ከላይ የተወሰነውን ታች መፈጸም ግዴታ ሆነ። ከዚያ በኋላ የትብብር መግለጫ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዛ። የጠፋው «አልስማማም» የሚል ቃለ ጉባኤ ነው።

ሥርዓቱ ከተለወጠም በኋላ በሽታው አልለቀቀም። በዘጠኝ ፌዴሬሽኖች የቆመው አዲሱ ኮንፌዴሬሽን የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማስተካከያ ፕሮግራም በነቀፈ ጊዜ አመራሩ ተከፈለ፤ ሊቀ መንበሩ ዳዊ ኢብራሂም በአንድ ወገን፣ ሌሎች በሌላ ወገን ቆሙ። በ1987 ዓ.ም. ምዝገባው ተሰረዘ፤ ኮንፌዴሬሽኑ እንደ ገና የቆመው በ1989 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው በእነዚያ ዓመታት የጋራ ድምፅ አልነበረውም።

ይህ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ሠራተኛ ምኑ ነው? ብዙ ነው። የቀድሞው ሕግ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ይጠይቅ ስለ ነበር፣ በትንንሽ ሱቅና ወርክሾፕ ተበትኖ የሚሠራው የደጋው ሠራተኛ ከደጅ ይቀር ነበር። ኋላ ቁጥሩ ወደ 10 ወርዷል። በ10 ሰው ማኅበር ውስጥ ሁለት የተለየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች የማኅበሩ አንድ አምስተኛ ናቸው፤ «ጥቂት አፈንጋጮች» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ደግሞም የሥራ ማቆም በሕጉ ትርጓሜ ከራስ አሠሪ ጋር ካለ ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። ከአባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ የአብላጫ ድምፅም ይጠይቃል። ለሌላ ከተማ ሠራተኛ «ሥራ አቁመን እንተባበር» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ ይህን የሚያስታውስ የኮሚቴ አባል ፈሪ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም። ኮሚቴው ያለ ጭንቀት ሊወስን የሚችለው ሌላ ነገር አለ፤ ለታሰረ ሠራተኛ ቤተሰብ መዋጮ፣ ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ። ይህም ቢሆን ስንት ብር፣ ከማን፣ እስከ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ የተቃወሙትም ምክንያታቸው ምን እንደ ነበረ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ።