ለእናትዎ የብረት ቤት አያሠሩ

በዚህ በሮማ ከተማ ለዓመታት የሰው ቤት እያጸዱ፣ የሰው ሽማግሌ እየጦሩ ኖረው ጥቂት ገንዘብ ካጠራቀሙ የመጀመሪያ ሐሳብዎ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ገጠር ላሉት እናትና አባት ቤት መሥራት ነው። ሐሳቡ የተባረከ ነው። እኔ የምጣላው ቀጥሎ ከሚመጣው ንግግር ጋር ነው፦ «የእንጨት ቤትማ አላሠራም፤ ብረት ነው የማስቆመው!» እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር፤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ለእናቴ በቱቦላሬ ቤት አስቆምኩ፤ ግድግዳውንም ጣሪያውንም በቆርቆሮ አስለበስኩት። በመንደሩ ብየዳ የሚችል ስላልነበረ ሠራተኛው ከከተማ መጣ። መብራት ስላልነበረም ጄኔሬተር ተከራየን። ፎቶግራፉ ሲደርሰኝ ተርሚኒ አካባቢ ላገኘሁት ወገን ሁሉ አሳየሁ። በሁለተኛው ዓመት አገር ቤት ስገባ ግን እናቴ የምትተኛው በአሮጌው ጭቃ ቤት ነበር። አዲሱ የገብስ ማስቀመጫ ሆኗል። «ልጄ፣ ቀን ምድጃ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ነው። ዝናብ ሲጥልማ የራሴን ጸሎት እንኳ አልሰማም» አለችኝ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ተወልጄ ባደግሁበት አገር ረስቼው ኖሯል። ስስ ቆርቆሮ የፀሐዩን ሙቀት እንደተቀበለ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ማታም እንደዚያው ያወጣዋል። ሌሊት የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ እየሆነ ይንጠባጠባል። ጭድ ገብቶበት በደንብ የቦካ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት ያቆያል።

«ታዲያ ቱቦላሬውን በቆርቆሮ ፋንታ በጭቃ ማልበስ ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልካም። ግን ያን ጊዜ ብረቱ ምን ጨመረ? ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፤ ልዩነቱ የቤቱ አጥንት ከመንደሩ የማይገኝ መሆኑ ነው። አገር ውስጥ የሚመረተው ብረት እንኳ በአመዛኙ ጥሬ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። በ2024 ሐምሌ ወር መጨረሻ (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። «እኔ የምልከው ዩሮ ነው፤ ምን ገዶኝ» ይሉ ይሆናል። ብረቱ ሲዝግ የሚጠግነው ግን እርስዎ አይደሉም፤ በብር የሚኖረው ወንድምዎ ነው። የእንጨት ቋሚ ቢበሰብስ ግን ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ የጎረቤቱን አናጢ ጠርቶ በአንድ ቀን ይተካዋል።

እንጨት ኋላ ቀር ነው የሚለው ነገርማ ያስቀኛል። አዲስ አበባ በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት እጦት ልትፈታ ደርሳ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር የታወቀ ነው። በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን በቦታዋ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ነው። ውሃ እንደሚመጥ አልክድም፤ ምንጭ ዳር አይተከል። ለምስክርነት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ሮማ የፓንቴዎን በረንዳ ጣሪያ በነሐስ ሰረገሎች የተያዘ ነበር፤ ጳጳሱ ኡርባኖ 8ኛ በ1620ዎቹ ነሐሱን አስወልቀው ወሰዱት፤ በምትኩ የገባው እንጨት ነው። የዓለም ቱሪስት የሚጋፋው በእንጨት ጣሪያ ሥር ነው፤ ኋላ ቀር ያለው ግን አልሰማሁም። በነገራችን ላይ ቱቦላሬውም ላሜራውም ፌሮውም ስማቸው ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ሞራሌውም እንዲሁ። በስም ከሆነ እንጨቱም ፈረንጅ ነው!

አሁን ወደ እውነተኛው ጥፋት ልምጣ። ብዙዎቻችን ዕረፍት የምናገኘው አሠሪዎቻችን ለፌራጎስቶ ወደ ባሕር ሲወርዱ፣ በኦገስት ነው። ኦገስት በአገራችን የነሐሴ ዝናብ ነው። በአራት ሳምንት ውስጥ ቤቱ አልቆ፣ ቡና ተፈልቶበት፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን መመለስ እንፈልጋለን። አናጢውም ምን ያድርግ? ትናንት የተቆረጠ፣ ልጡ ያልተላጠ፣ ውሃ ያልጨረሰ ባሕር ዛፍ አምጥቶ ያቆማል። እንጨቱ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳው ይላቀቃል። በዓመቱ «አላልኩም? እንጨት አይረባም!» እንላለን። አይደለም። እንጨት በበጋ ይቆረጣል፤ ልጡ ተልጦ፣ ጥላ ሥር ተደርድሮ ወራት ይቆያል። ቋሚው አፈር ውስጥ አይቀበርም፤ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ያርፋል። የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ እስኪጥል ድረስ ይወጣል። ለብረት የሚከፍሉትን ገንዘብ ለድንጋዩ መሠረት ይክፈሉት።

ለብረት የምለቅለት ቦታ አለ። ምስጥ የሰውን ቤት በሚያፈርስበት እንደ ምዕራብ ወለጋ ባለ አገር፣ በቀላሉ ከሚገኘው እንጨት የሚጸና ጥቂት ነው፤ እዚያ ቱቦላሬ ይቁም። መካከሉ ምሰሶ የማይፈልግ ሰፊ መጋዘንም ለብረት ይገባዋል። እናትዎ ግን መጋዘን አይደሉም።

«ርእደ መሬትስ?» ላለኝ ወዳጄም መልስ አለኝ። ነሐሴ 24 ቀን 2016 አማትሪቼና አካባቢዋ ሲናወጡ 299 ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር አጥብቀው ከተወቀሱት ነገሮች አንዱ በአሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ላይ የተጫነው ከባድ የሲሚንቶ ጣሪያ ነው። የእኛም ሰሜን ሸዋ ከስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው፤ የ1961ዱን የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ሽማግሌዎች ይነግሩዎታል። ጣሪያው ቀላል ይሁን፤ ማገሩ ከቋሚው በደንብ ይታሰር። ይህን ደግሞ የመንደሩ አናጢ ያውቃል።

ወንድሜ ለኅዳር ባሕር ዛፉን ሊቆርጥ ተዘጋጅቷል፤ እኔም ዘንድሮ በኦገስት አልሄድም፤ ገንዘቡን ልኬ እንጨቱ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። «የብረቱንስ ነገር እንዴት እናድርግ?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ለበሬዎቹ ይሁን» አለኝ። በሬዎቹ ገና አልገቡበትም።