ስለ መጽሐፍ ልብስ

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ልብሱን እንደሚያስተካክል ሁሉ መጽሐፍም ወደ አደባባይ ሲወጣ ልብስ ያስፈልገዋል፤ የመጽሐፍ ልብሱም ሽፋኑ ነው። ነገር ግን ልብስ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ገላን ማክበር፥ ሁለተኛው ማንነትን መደበቅ ነው። በተዋሰው ካባ ከሠርግ ቤት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው፥ ባለካባው በመጣ ጊዜ የሚደርስበት ኀፍረት የታወቀ ነው። ይህ ኀፍረት በእኔ ላይ ስለ ደረሰ፥ ለእናንተ ለወጣቶች ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ልብ ወለድ ጻፍሁ። ባለታሪኳ ከአያት ወዲያ እርሻ የነበራት አንዲት ባልቴት ናት። ከተማው እየሰፋ ሄዶ መሬቷን በወሰደው ጊዜ እርሷም ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባች። ሙቀጫዋን ተሸክማ ያን ሁሉ ደረጃ ወጣች፤ በርበሬ በወቀጠች ቁጥር ግን የታች ቤት ጎረቤት እየወጣ ይቆጣታል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አሳታሚው ሽፋኑን ባሳየኝ ጊዜ ባልቴቲቱም ሙቀጫውም የሉበትም። ጠጕሯን የለቀቀች አንዲት ቆንጆ ልጃገረድ በቦሌ የመስተዋት ፎቆች ፊት ቆማለች፤ በላይዋም አውሮፕላን ያልፋል። እውነቱን ለመናገር፥ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀለሙ ያበራል፤ ስሜም በወርቅማ ፊደል ተጽፏል። «ይህች ማን ናት?» ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ «ያምራል» ብዬ ዝም አልሁ።

ከወር በኋላ በመገናኛ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ ቆሜ ሳለሁ አንድ ተማሪ መጽሐፌን ይዞ መጣ። ሻጩም ደራሲው እኔ መሆኔን ነገረው። ተማሪው ጐንበስ ብሎ ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ፥ «ጋሼ፥ መጽሐፍዎን ወድጄዋለሁ፤ ግን ልጅቷን እስከ መጨረሻው ገጽ ስፈልጋት ነበር፤ የት ሄደች?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሟገቱኛል። የመጀመሪያዎቹ «ዋናው የውስጡ ነው፤ ሽፋን ምንም አይደለም» ይላሉ። ይህ ትሕትና የሚመስል ስንፍና ነው። አባቶቻችን የብራናውን መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ጠርዘው፥ በቆዳ ለብጠው፥ በቆዳውም ላይ መስቀል ደጕሰው፥ ማኅደር ሰፍተው ያኖሩት ሽፋን ምንም ስላልሆነ አይደለም። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥዕል የተማረ ሰው ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ገጣሚም ሠዓሊም ነበር። ብዕርና ብሩሽ በአገራችን የቆየ ዝምድና አላቸው።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ገበያው የሚወደውን ስጥ፤ ያልተሸጠ መጽሐፍ የአይጥ ቀለብ ነው» ይላሉ። በዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ነገር ግን ሸክላ ፈጭቶ ከበርበሬ ጋር ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴም ገበያ አለው። የተታለለው ሸማች በማግሥቱ እውነተኛ በርበሬ ከያዘው ነጋዴ እንኳ ይሸሻል። እንዲሁም የሚዋሽ ሽፋን የሚጎዳው የራሱን አንባቢ ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚጽፈውን ያልታወቀ ደራሲ ገበያም ይዘጋል።

ከዚያም የባሰ ነገር ሰማሁ። የልጅቷ መልክ ከአንዲት የውጭ አገር ሴት ፎቶግራፍ ተወስዶ ጠየም የተደረገ ኖሯል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጽሑፍን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሥዕልንና ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። «ሥራዬ ተሰረቀ» እያለ የሚጮኽ ደራሲ፥ በተሰረቀ ሥዕል ሲያጌጥ ዝም ሊል አይገባውም።

ሽፋኑን የሠራውን ወጣት ልቆጣው ሄድሁ። እርሱ ግን «ጋሼ፥ ርእሱን ብቻ ነው የነገሩኝ፤ የተሰጠኝም አንድ ሌሊት ነው» አለኝ። ቁጣዬ ወደ ራሴ ተመለሰ። ሦስት ዓመት የደከምሁበትን መጽሐፍ ላላነበበው ሰው አሳልፎ መስጠትን የፈቀድሁ እኔ ነኝ።

ለሁለተኛው እትም ረቂቁን ለአንዲት ሠዓሊ ሰጠሁና አስቀድማ እንድታነበው ለመንኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያመጣችው ሥዕል ባዶ ደረጃ፥ በደረጃውም ላይ አንድ ሙቀጫ፥ ከግድግዳውም የተደገፈ ዘነዘና ነበር። «የባልቴቴ ፊት የት አለ?» ብዬ ቅር አለኝ። እርስዋም «ፊቷን እርስዎ ጽፈውታል፤ እኔ ደግሜ ብሥለው አንባቢው ምን ይቀረዋል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሽፋን ለደራሲ ምኞት መታዘዝም እንደሌለበት ተማርሁ።

አሁንም ልቤ በሁለት ተከፍሏል። የፊተኛው ሽፋን እጅን ይስብ ነበር፤ የአሁኑ በዝግታ ይሸጣል፤ ይህም አንዳንድ ቀን ይቆረቁረኛል። ሆኖም «ልጅቷ የት ሄደች?» የሚለኝ የለም።

እናንተ ነገ የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፥ ረቂቃችሁን ለሠዓሊው ስጡ፤ ጊዜውንና ዋጋውን አትንፈጉት፤ ሥዕሉ የማን እንደ ሆነም ጠይቁ። የምታነቡም ብትሆኑ ሽፋን ሲዋሻችሁ እንደዚያ ተማሪ ደራሲውን በትሕትና ጠይቁት። ያ ተማሪ ባይጠይቀኝ ኖሮ እኔ ዛሬም በተውሶ ካባ እኮራ ነበር።